ወተት የማይጠጡት ባለ ወተት ቤት

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት የሙሽራ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ልጃቸው ራህመት ከስልጤ ደወለችልኝ። ለአረፋ ከእሷ ጋር ሆነው ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር፤ ቁርስ በልተው፣ ከወንድማቸው ጋር ሲሳሳቁ ቆይተው፣ ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። እኔም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባለውን ሁሉ ረስቼ፣ «ወተታቸውን ጠጥተው ነበር?» አልኳት። ራህመት እያለቀሰች ሳቀች።

«ሁለት ብርጭቆ» አለችኝ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ሁለታችንንም ጤነኛ አይለንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔን ሱቅና የጋሽ ሸምሱን ወተት ቤት የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስሉ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት መቀስ ይወዛወዛል። እኔ የስፌት መኪናዬን ስነዳ ደግሞ የእሳቸው ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ኖርን። ስሜን ያውቁት ነበር፤ ግን አንድም ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። ለእሳቸው «ሰፊው» ነበርኩ፤ ሲቆጡም ሰፊው፣ ሲያቆላምጡም ሰፊው።

አጠር ብለው ሞላ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ቆባቸውን አይቶ ሆዳቸውን ማወቅ ይቻላል። ደስ ሲላቸው ወደ ግንባራቸው ይጎትቱታል፤ ሲቆጡ ወደ ማጅራታቸው ይገፉታል። በጎልማሳነታቸው ከስልጤ መጥተው መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርግተው ሳሙናና ሻማ ሸጡ፣ በኋላ ወተት ቤቱን ከፈቱ። ከቤተሰባቸው ጋር ስልጢኛ፣ ከደንበኛ ጋር አማርኛ፣ ወተት ከሚያመጡላቸው የገጠር ሴቶች ጋር ወላይትኛ ይናገራሉ። በሦስቱም ቋንቋ ይከራከራሉ። ጠዋት ለገባ ሰው ሁሉ ሰላምታቸው አንድ ነው።

«ሳሮ! አጥንት እንዴት አደረ?»

እንዴት አደርክ አይደለም፣ አጥንት እንዴት አደረ። ባለ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ከቦዲቲ በጠዋቱ መኪና የደረሰው ነጋዴ፣ ሁሉም ስለ አጥንቱ ይጠየቃል። «ደህና ነው» ያለ ትኩስ ወተት ይቀርብለታል። «ኧረ ወገቤን ያመኛል» ያለ ደግሞ ተለቅ ባለው ብርጭቆ ይቀርብለታል። ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ተጣሞ የተቀመጥኩ ጊዜ በየቀኑ ጆግ ሙሉ እያመጡ፣ እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ተረፈኝ ማለት አይቻልም። «አጥንትህ ይሰማሃል፤ አታሳፍረው» ይሉኛል። እሳቸው ግን በሌላኛው እጃቸው የዝንጅብል ሻይ ይዘዋል።

ምክንያቱም ጋሽ ሸምሱ ወተት አይጠጡም። ጠብታ አይቀምሱም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አስም ነበረባቸው፤ ሰው ፓፍ የሚለው የሚነፋው መድኃኒት ከደረት ኪሳቸው አይለይም። ትንሽ ልጅ ሆነው እናታቸው ወተት የሚያስቀምጡበት ቦታ በደረሱ ቁጥር ያስላቸው ነበር። እናትየው አይተው አይተው፣ «ይህን ልጅ ወተት አይወደውም» ብለው ከለከሏቸው። በዚያው ቀረ።

«ወተት አክታ ነው» ይሉኝ ነበር። «የእኔ ደረት ደግሞ የራሱ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን ይሸጡልናል?»

«ለአጥንት ነዋ! ለሰው አጥንት።»

ወተት ቤቱ ግን ስመ ጥር ነበር። ስሙን ያወጣው ሽታው ነው። ጋሽ ሸምሱ የወተትና የእርጎ ቅሎቻቸውን በወይራ የሚያጥኑት ራሳቸው ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ከጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። የወይራውን ስንጣሪ ለኩሰው ቅሎቹን ጭሱ ላይ ይደፋሉ። በሩ ለምን እንደሚዘጋ ብጠይቃቸው፣ «ጭሱ ከወጣ ሽታው አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። ሲጨርሱ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እያሳሉ፣ ግን ኩራት በኩራት ሆነው ይወጣሉ። እውነትም ያ ወተት ሌላ ነበር። ጨርቆቼ ሳይቀሩ ወይራ ወይራ ይላሉ። አንድ ሙሽራ አዲሱን ኮቱን አሽትቶ፣ «ይሄ እርጎ ነክቶታል እንዴ?» ብሎኛል።

የልጅ ልጃቸው ሃያት አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው ነገር የመጣው። ራህመትና ሃያት የሚኖሩት ከወተት ቤቱ ጀርባ፣ ከዚያች ማጠኛ ክፍል አጠገብ ነበር። የራህመት ባል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሃያት ጎህ ሲቀድ ማሳል ጀመረች። ደረቷ ውስጥ ፉጨት የመሰለ ነገር ይሰማል። ጋሽ ሸምሱ ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ለጥፈው አዳመጡና ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የእኔን ደረት ነው የወረሰችው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ተከለከለች።

የወተት ቤት ልጅ ወተት ስትከለከል አስቡት። አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሌሎች ልጆች ነጭ ጢም አውጥተው ሲስቁ ታያለች። አንዳንዴ ወደ እኔ ትመጣለች።

«ሰፊዬ፣ ወተት ምን ምን ይላል?»

«አልነግርሽም፤ አያትሽ ይሰቅሉኛል።»

«ትንሽ ብቻ ንገረኝ።»

«ሙቅ ነው» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበል? እሷም ሙቅ ውሃ ጠጥታ ትሞክረዋለች። ጋሽ ሸምሱ ይህን አይተው ጓሮ ሲገቡ፣ በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። «ያ ረቢ፣ ከስንት ርስት መርጠህ ይህን ደረት አወረስካት?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳቅንበት፤ የዚያን ቀን ግን መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር።

ሳሉ አልተወም። ክረምት ገብቶ የዳሞታ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ እንዲያውም ባሰ። አንድ ጠዋት ሃያት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ራህመት አቅፋት ወጣች፣ ጋሽ ሸምሱ ጫማቸውን እያጠለቁ ተከተሉ፣ እኔም ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ባጃጅ አስቁሜ አብሬ ገባሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችን የበዴሳ ልጅ የሆነች ወጣት ዶክተር ናት። ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጥያቄዋ ግን የማያመልጡት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ለልጅቷ መድኃኒቱን ሰጠቻት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ አጠገቧ ቆመች። ሃያት ፊቷ ሲበራ ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወተት ትጠጣለች?»

«ኧረ ከልክያታለሁ!» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው። «የወተት ቤት ልጅ ሆና ጠብታ አትቀምስም።»

«ለምን?»

«አክታ ነዋ። እኔም አስም አለብኝ፤ አልጠጣም።»

«አይብስ ይበላሉ፣ ጋሼ?»

«አይብማ! ያለ አይብ አረፋ አለ እንዴ?»

«ሃያትስ?»

«እኔ ነኝ የማጎርሳት።»

«ከበላች በኋላ ሽፍታ ወጥቶባት፣ ከንፈሯ አብጦ፣ አስመልሷት ወይ አፍኗት ያውቃል? እርስዎንስ?»

«በጭራሽ!»

«አይቡ ከምን ተሠራ?»

ቆቡ ወደ ግንባር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ማጅራት ተመለሰ። «አይብ ምግብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወተት መጠጥ ነው።» ራህመት ሳቋን ለመደበቅ አቀርቅራ የልጇን ጫማ ማሰር ጀመረች። ጫማው ታስሮ ነበር።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ወተት የማይስማማቸው፣ አለርጂ የሆነባቸው ሰዎች እንዳሉና እነሱ መጠንቀቅ እንዳለባቸው ነገረችን። በሃያት ላይ ግን የዚያ ምልክት የለም። ወተት ደረት ውስጥ አክታ አያበዛም አለች። አፍ ውስጥ ከምራቅ ጋር ሲገናኝ ወፈር ስለሚልና ጉሮሮን ስለሚለብስ ሰው አክታ የመጣበት ይመስለዋል፤ ውሃ ሲጠጡበት ይሄዳል። የምታድግ ልጅ ለአጥንቷ ካልሲየም ያስፈልጋታል። ከጎመንም ከሽፈራው ቅጠልም ይገኛል፤ ወተት ባለበት ቤት ያለ ምክንያት መከልከል ግን ልጅቷን መጉዳት ነው። ጋሽ ሸምሱ አጥንት የሚለውን ቃል ሲሰሙ በደመ ነፍስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቤት ውስጥ ጭስ አለ?» አለች ዶክተሯ።

«የለም» አሉ። «የምናፈላው በኤሌክትሪክ ነው።»

እኔ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሃያት ግን አልዘጋችም።

«የወይራውስ፣ አባባ?»

«እሱ ጭስ አይደለም!» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ሽታ ነው!»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለ ማጠኛዋ ክፍል፣ ስለተዘጋው በር፣ ሃያት ስለምትተኛበት ቦታ አንድ በአንድ ጠየቀች። የአስም ደረት ጭስ እንደማይወድ፣ የወይራም ቢሆን ጭስ ጭስ መሆኑን ነገረቻቸው። ለልጅቷ መድኃኒት ሰጥታ፣ ለእሳቸውም ምርመራ አድርጋ ሸኘችን።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ መቀመጫው ለጋሽ ሸምሱ የሚበቃ አይመስልም ነበር። «ወይራን ሰደበችብኝ!» ይላሉ። «ወይራን! አባቶቻችን ያጠኑበትን!» ባለ ባጃጁ በመስታወት እያየ ይፈራል። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ግን ድንገት ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በፊት ያለ ቆብ አይቻቸው አላውቅም።

«እናቴ ቅሉን ስታጥን እግሯ ሥር እቀመጥ ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ። ስለምወዳት።»

ሃያት እጃቸውን ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት የወይራ ሽታ አልመጣም። ግድግዳው እንዳለ ነው፣ ጎረቤቴ ግን የሄዱ መሰለኝ። ስገባ ቅሎቹ ታጥበው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ወተቱ በአሉሚኒየም ቢዶን፣ ቢዶኑ በፈላ ውሃ ታጥቧል። ማጠኛዋ ክፍል በሯም መስኮቷም ተከፍቶ ሽንኩርት ተቀምጦባታል።

ደንበኛ አኮረፈ። አንዱ ባለ ባጃጅ ብርጭቆውን አሽትቶ፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ ወተቷ ዛሬ ምን ሆነች? ታመመች እንዴ?» አለ።

«ሽታ የፈለገ ሽቶ ቤት ይሂድ» አሉት። «እዚህ ወተት ነው ያለው።»

ባለ ባጃጁ ሄደ። ከቦዲቲ የሚመጣው ነጋዴም ግማሹን ትቶ ወጣ። ላይኛው መንገድ ላይ ያለው ወተት ቤት በወይራ ሽታ ሰው ይጠራ ጀመር፤ የጋሽ ሸምሱ አግዳሚዎች ባዶ ሆኑ። በዚያ ሰሞን ቆባቸው ከማጅራታቸው አልተነሳም። በኋላ ደፍሬ፣ «አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

የተሰቀሉትን ቅሎች በአገጫቸው አሳዩኝ። «ስሜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰፊው። ከብዶኛል፤ አልዋሽህም። ግን ሃያት ሳታስል አደረች።» ይህን ሲሉ ቆቡ በቀስታ ወደ ግንባራቸው መጣ። ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኳቸው!

ጭሱን ተዉ፣ ወተቱን ግን አልፈቀዱም። ራህመት ለመነች፣ ተቆጣች፣ ዶክተሯን በስልክ አገናኘቻቸው። አንድ ዕድሜ ሙሉ የፈሩትን ነገር ለልጅ ልጃቸው በእጃቸው መስጠት አልሆንላቸው አለ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ግድግዳዬ ተደበደበ።

«ሰፊው! ና፣ ምስክር ሁን!»

ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት፣ ከጎኑ ፓፍ፣ ከፓፉ ጎን አንድ ብርጭቆ ውሃ ተደርድሯል። ራህመት እጇን አጣምራ ቆማለች። የቀሩት ጥቂት ደንበኞች መጠጣታቸውን ትተው ያያሉ።

«እሷ ከመቅመሷ በፊት እኔ እቀምሳለሁ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ከሞትኩ ወተት ነው የገደለው ብለህ ለዚያች ዶክተር ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ተጎነጩ። ዋጡ። ጉሮሯቸውን ያዙ።

«ያውላችሁ! አክታው መጣ!»

«አባባ፣ ውሃውን!» አለች ሃያት። «ውሃ ጠጣበት ብላለች!»

ውሃውን ጠጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ። የሚጠረግ ነገር ጠፋ። በአፍንጫቸው ሳቡ፣ በአፋቸው አወጡ። ፉጨት የለም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አለሁ?»

«አሉ!» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስተው ትክ ብለው አዩት። እንደገና ተጎነጩ፣ አሁን ዓይናቸውን ገልጠው።

«ይጣፍጣል እንዴ?» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ነው ዕድሜዬን ሙሉ የሰጠኋችሁ? ምነው ዋጋ ጨምሬ ቢሆን!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሸምሱም ሳቁ፤ እየሳቁ ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ተለቅ ያለውን ብርጭቆ አውርደው ሞሉና ሃያት ፊት አኖሩት። በሁለት እጇ ይዛ ሳታቋርጥ ጠጣች። ስታስቀምጠው ነጭ ጢም አውጥታ ነበር፤ እንዲጠርጉላት አልፈቀደችም። በጢሟ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ምስክርነት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ይደበደባል፤ «ምስክር!» እሄዳለሁ፣ ይጠጣሉ፣ «አለሁ?» ይላሉ፣ «አሉ!» እላለሁ። ብዙም ሳይቆይ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አብሮኝ ማለት ጀመረ። ያ ያኮረፈ ባለ ባጃጅ ተመልሶ መጣ፤ የቦዲቲው ነጋዴም እሳቸው ሳይጠጡ ለመድረስ መኪናውን ያስቸኩላል። ወይራውን የረሳው የለም፣ ግን ላይኛው ወተት ቤት እንዲህ ያለ ጠዋት የለውም።

አስማቸው በወተት አልጠፋም፤ እንዲህ ብዬ ብዋሽ ከመቃብር ተነስተው ይቆጡኛል። ፓፉ ከኪሳቸው አልተለየም፣ ግን የሚወጣው አልፎ አልፎ ሆነ። ሁምቦ ያለችው አክስቴ የላከችልኝን ሽፈራው ሳካፍላቸው፣ «አጥንቴን ለማስደሰት ቅጠል አበላኸኝ» እያሉ ይበሉታል። አንዲት እናት ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ይዛ መጥታ ምን ላድርግ ስትላቸው፣ «ዶክተሯ ጋ ሂጂ፤ እኔ ባለ ወተት ነኝ» አሏት። እሷ ወጥታ በር ላይ ስትደርስ ግን አልቻሉም። «ጭስሽን ግን ከቤት አውጪ!» ብለው ጮኹ።

እነሆ አሁን የሉም። ራህመት ደውላ ከነገረችኝ በኋላ ወተት ቤቱ ተዘጋ። ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ሳልነዳ ግድግዳውን እያየሁ እቀመጥ ነበር። ሰው የግድግዳ መደብደብ ይናፍቀዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ያንኑ የሙሽራ ሱሪ ስተኩስ ግድግዳዬ ተደበደበ።

«ሰፊዬ! ምስክር!»

ሜትሬን እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ሃያት ከጠረጴዛው ኋላ ቆማለች፤ አሁን አድጋ ከእኔ በቁመት ትበልጣለች፣ ለትምህርት ቤቷ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ፓፏ እንደ አያቷ በደረት ኪሷ አለ። ፊት ለፊቷ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ራህመት በሩ ጋ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

ሃያት ቢስሚላህ ብላ ጠጣች። ሁሉንም፣ ሳታቋርጥ። ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ነጩን ጢሟን ሳትጠርግ፣ ወደ እኔ ዞረች። «አለሁ?» ልትለኝ ነው ብዬ «አለሽ» የሚለውን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

«አባባ አለ?» አለችኝ።

አግዳሚው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ መለሰላት።

«አሉ!»